ሳይጨብጡ መስፋት

ስምንት ኪሎ በሚመዝን ሕፃን የእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል የሚያልፈው ደም ቅዳ ሥር ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይሰፋም። ኩላሊቱ ሥራ ሲያቆም ሐኪሞች ይህን ሥር አጠገቡ ካለው ደም መልስ ጋር ሰፍተው ያገናኙለታል። ከደም ቅዳው የሚመጣው ብርቱ ደም ስሱን ደም መልስ በወራት ውስጥ ያሰፋዋል፣ ግድግዳውንም ያደነድነዋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለኩላሊት እጥበት የሚገቡትን ወፋፍራም መርፌዎች የሚችለው ያኔ ነው። መገናኛው ፊስቱላ ይባላል።

ሐሳቡ የመጣው ከኒው ዮርክ ነው። በብሮንክስ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ጄምስ ቺሚኖና ማይክል ብሬሺያ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 አሳተሙት። መርፌና ክሩን የያዙት ቀዶ ሐኪም ኬኔት አፔል ነበሩ፤ ፊስቱላው ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በቺሚኖና በብሬሺያ ስም ነው። የሰፊ ዕጣ እንዲህ ነው መሰል።

ለአዋቂ የተሠራው ዘዴ ለሕፃን አልመች አለ። የሕፃን ሥር ሲነካ ይኮማተራል። ደሙን ለማቆም በብረት መቆንጠጫ ሲያዝ ደግሞ እንደ ልብስ ገበር የሆነው ውስጠኛ ሽፋኑ ይጎዳል፤ በተጎዳበት ቦታ ላይ ደም ይረጋል፣ ሥሩም ይደፈናል። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ቡርክሎ የተባሉ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአሥር ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት በማይክሮስኮፕ እየታገዙ ፊስቱላ ሠሩ። ማይክሮስኮፑን ሁሉም ያደንቃል። እኔን የሚያስገርመኝ መቆንጠጫውን መተዋቸው ነው። የልጁ ክንድ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከጣቶቹ ጀምሮ በላስቲክ ፋሻ ጥብቅ ተደርጎ ሲጠቀለል ደሙ ወደ ትከሻው ይሸሻል፤ ከዚያ ላይኛው ክንድ ላይ የታሰረው በአየር የሚነፋ ማሰሪያ ይነፋል። ክንዱ ነጣ፣ ደሙ ቆመ። ሥሩን ግን ማንም አልጨበጠውም፤ ከታቀፈበት ሥጋ ገፍፎ ማውጣትም አላስፈለገም።

ክሩ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት መቶኛ አይሞላም። ደም ቅዳው ከጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰነጠቃል፤ የደም መልሱ ጫፍ አፉ እንዲሰፋ ሰያፍ ይቆረጣል፣ ከስንጥቁም ጋር ይገጠማል። የጀርባው ግድግዳ ቀድሞ ይሰፋል፣ በኋላ አይደረስበትምና። በደም ቅዳው በኩል መርፌዋ ከውስጥ ወደ ውጭ ትወጋለች፤ ከውጭ ብትገባ ገበሩን ገፍታ ትለየዋለች። ወረንጦው የሚይዘው የሥሩን ውጫዊ ጠርዝ ብቻ ነው። በልጅ ላይ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች እያንዳንዱን ስፌት ለብቻው ይቋጥሩታል፤ ዙሪያውን በአንድ ክር የተያዘ አፍ ልጁ ሲያድግ አብሮት ለማደግ ይቸገራል። ሰባት ስምንት ዓመት ቆይቶ የሚመጣውን ክንድ አስቦ መስፋት ይሉታል ይህ ነው።

ማሰሪያው ሲተነፍስ ደም መልሱ ይሞላል፣ ጣት ሲያርፍበትም ይነዝራል። በሕፃን ላይ ንዝረቱ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ ሥሩ ተኮማትሮ ይሆናል እንጂ ስፌቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። እንደገና ከፍቶ ላስተካክል የሚል እጅ ነው ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው።

ብዙ ሆስፒታሎች ዛሬም ለልጆች የሚመርጡት በአንገት በኩል የሚገባ ቱቦ ነው። በዚያው ዕለት እጥበት ይጀመርበታል፤ ንቅለ ተከላው ቶሎ ከደረሰም ይበቃል ይባላል። ምክንያቱ አይናቅም። ነገር ግን ቱቦው ኢንፌክሽን ያስገባል፣ በደረት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ደም መልሶች ያጠብባል፤ በልጅነት የተተከለ ኩላሊትም ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ አይዘልቅም። ኩላሊቱ እየደከመ ካለ ልጅ ደም ሲቀዳ ከእጁ ጀርባ እንጂ ከክንዱ አይሁን የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ከዓመታት በኋላ ያልተነካ ሆኖ ማግኘት የሚፈልገው የክንዱን ሥር ነው።