ግብ ስላልተቆጠረበት መስመር

በቅርቡ የአሠልጣኝነት ኮርስ ጨርሶ ረዳቴ የሆነ አንድ ወጣት፣ ታዳጊዎቻችን ከዓዲ ሐቂ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ 1 ለ 0 አሸንፈው ሲወጡ፣ የጨዋታውን መዝገብ በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ «ኮች፣ የዛሬው ድል ለማን ይጻፍ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄውን ያነሣው፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ለግቧ የሆነችውን ኳስ ያቀበለውን ልጅ እግር አማካይ ተመልካቹ በትከሻው ተሸክሞ ሲጨፍር፣ አራቱ ተከላካዮችና በረኛው ግን ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን ሲፈቱ በማየቱ ነበር። እኔም ሳላመነታ «ለአራቱ ጻፍ» አልሁት። እርሱም በትሕትና፣ ነገር ግን ልቡ ሳይረካ፣ «ግብ ሳይገባ እኮ ድል የለም» ብሎ መለሰልኝ። ለዚህ ቃል ሙሉ መልስ ስላልሰጠሁት፣ ዕድሜዬን ሁሉ የመሀል ተከላካይ፣ ኋላም የተከላካዮች መምህር ሆኜ ያሳለፍሁ ሰው እንደመሆኔ፣ እዚህ ልመልስለት ወድጃለሁ።

የዚያን ልጅ አማካይ ተሰጥኦ አልክድም። ይሁን እንጂ ረዳቴ በመዝገቡ ያልጻፈው፣ ተመልካቹም ያላጨበጨበለት አንድ ነገር በሁለተኛው አጋማሽ ሆነ። የተጋጣሚው ፈጣን አጥቂ ከመስመር ወደ ውስጥ ኳስ ይዞ ሲገባ፣ ግራ የመሀል ተከላካያችን ሊያስጥለው አልቸኮለም፤ ሸርተቴም አልወረደም፤ ይልቁንም ወገቡን ግማሽ አዙሮ፣ የውስጡን መንገድ በአካሉ ዘግቶ፣ የውጩን እያሳየው፣ ዐይኑን ከአጥቂው እግር ሳይሆን ከኳሱ ሳይነቅል ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አጥቂው በዚህ ትዕግሥት ተበሳጭቶ ኳሷን አንድ ክንድ ያህል አርቆ በገፋት ጊዜ፣ ልጁ በእግሩ ውስጠኛ ጎን ወስዶ ለበረኛው አቀበላት። ጩኸት የለም፤ ግጭት የለም፤ አቧራ እንኳ አልተነሣም። እኔ ግን ያቺ ቅጽበት ከግቧ ይልቅ የከበደች ናት እላለሁ፤ ምክንያቱም አማካዩ ያቀበላት ኳስ ብትሳት ሌላ ትገኝ ነበር፣ ይህቺ ግን አንድ ጊዜ ካመለጠች የምትመለሰው ከመረብ ውስጥ ተለቅማ ነው።

የአንዱ ልጅ ብልሃት ግን ገና የጥበቡ ደጃፍ ነው። የመከላከል ምስጢር በአራቱ አንድነት ውስጥ ያለ ስለሆነ፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው ኳስ ማስጣልን ሳይሆን አብሮ መነሣትን ነው። ተጋጣሚ ኳሱን ወደ ኋላ በመለሰ ቅጽበት አራቱ በአንድ መንፈስ አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ኳሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቀኝ ይጠብባሉ፤ አንዱ ሊጋጠም ሲወጣ ቀሪዎቹ ከኋላው ይዘጋሉ። ሊቃውንቱ በማኅሌት ቆመው ወረብ ሲያወርዱ መቋሚያቸው ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደሚያዘነብል፣ መሪውም ሳይጮኽ በዐይኑ ብቻ እንደሚያዛቸው፣ የጀርባው መስመርም እንዲሁ መሆን አለበት። አንዱ በግማሽ ልቡና ቆሞ ቢዘገይ፣ እርሱ ብቻ ሳይሆን ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ፤ የመስመር ዳኛውም ባንዲራ አይነሣም።

በከተማችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። መቐለ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየሩ ስስ ነው፤ ከኋላ የሚለጋ ረጅም ኳስ ከቆላ የመጣ ሰው ከሚገምተው በላይ ይከንፋል። ስለዚህ ተከላካይ ኳሱ ከተመታ በኋላ ቢሮጥ አርፍዷል፤ የመቺውን ትከሻ አይቶ፣ እግሩ ገና ሳይወረወር፣ መመለስ መጀመር አለበት። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም፤ ከኋላዬ እየነጠሩ የሄዱ ኳሶች አስተማሩኝ።

ተከራካሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያቀርቡብኝ የ2011 ዓ.ም. ዋንጫን ነው። ምዓም አናብስት የሚባለው መቐለ 70 እንደርታ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ባደገ በሁለተኛው ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን፣ አማኑኤል ገብረሚካኤል 18 ግቦችን አስቆጥሮ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ነበርና፣ «እንግዲህ ዋንጫውን ማን አመጣው?» ይሉኛል። አማኑኤልን አከብራለሁ፤ በትግራይ ስታዲየም ስሙ ሲጠራ ከነበረው ሕዝብ መካከል እኔም ነበርሁ። ነገር ግን የዚያን ዘመን ቡድን ከወገብ በታች ያየ ሰው፣ የኢኳቶሪያል ጊኒው በረኛ ፊሊፕ ኦቮኖና ከፊቱ የቆሙት ሰዎች ስንት ጊዜ አንዲትን ግብ እስከ ፊሽካ ድረስ ተሸክመው እንዳደረሷት ያስታውሳል። አንዲት ግብ ሙሉ ሦስት ነጥብ የምትሆነው የሚጠብቃት ሲኖር ብቻ ነው።

ደግሞም አሠልጣኙን ተመልከቱ። ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ከጅማ አባ ጅፋር ጋር፣ በ2011 ከእኛ ጋር፣ በ2017 ደግሞ ከኢትዮጵያ መድን ጋር ዋንጫ አንሥተዋል። በጅማ ግብ ያገባላቸው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፤ በመቐለ አማኑኤል ነበር፤ በመድን ደግሞ ሌሎች ነበሩ። አጥቂው በየቤቱ ተለዋወጠ፤ ታዲያ ከቤት ወደ ቤት ተሸክመውት የሄዱት ምን ነበር? እንደ እኔ ፍርድ ሥርዐቱ ነው፤ ይኸውም ኳስ ሲጠፋ እያንዳንዱ ሰው የት እንደሚቆም ማወቁ።

አንድ የቆየ ደጋፊ ወዳጄ ደግሞ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣንበትን ቀን እየጠቀሰ፣ «ያን ዋንጫ ግብ በማግባት ነው የወሰድነው» ይለኛል። እውነት አለው፤ በግማሽ ፍጻሜውም ቱኒዝያን ያሸነፍነው በዚሁ 4 ለ 2 ነበር፤ መንግሥቱ ወርቁም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ወጣት ሳለ የመጨረሻዋን ግብ አስቆጥሯል። ሆኖም ሁለት ጊዜ የመራን ግብፅ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ ካደረገን በኋላ፣ በቀረው ጊዜና በተጨማሪው 30 ደቂቃ አንዲት ግብ እንኳ አላገኘም። ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ያገቧቸው ሁለቱ ግቦች ዋንጫ የሆኑት በሩ ስለተዘጋ ነው።

አሜሪካ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ፣ በዚያ አገር በእጅ የሚጫወቱት እግር ኳስ ውስጥም ይኸው ክርክር እንዳለ በስልክ አጫውቶኛል። በዚያ ጨዋታ ኳሱን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ የሚባለው ነው። ፒትስበርግ የተባለው ቡድን በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቤን ሮትሊስበርገር የተባለ ጀማሪ አሰልፎ፣ ልጁ በመደበኛው ውድድር በቋሚነት በገባባቸው 13 ጨዋታዎች አንድም አልተሸነፈም፤ በዚያው ዓመት ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ጥቂት ነጥብ የተቆጠረበትም ይኸው ቡድን ነበር። ለፍጻሜ ለመድረስ በተደረገው ጨዋታ ግን ልጁ ሦስት ኳስ ለባላጋራ አሳልፎ ሰጠ፤ 41 ነጥብ ተቆጠረባቸውና ወደቁ። ጀማሪ ሰው ስሕተቱ የሚሸፈንለት ከኋላው ጽኑዓን ሲኖሩ ነው። የእኛም አማካይ በዚያ ቀን ያበላሻቸው ኳሶች ነበሩ፤ ማንም አያስታውሳቸውም፤ እንዳይታወሱ ያደረጓቸው አራቱ ናቸው።

ይህን ሁሉ በእልህ የምናገረው ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከሊጉ ከወጡ በኋላ እስከ 2017 ድረስ ሳይመለሱ ቆዩ። በእነዚያ ዓመታት በየሰፈሩ ብቻውን ኳስ ከግድግዳ ጋር የሚቀባበል ልጅ አየሁ፤ ሲያንጠለጥል፣ ሲያታልል፣ ሲመታ ይውላል፤ የአጥቂነት ጥበብ በአንድ ልጅና በአንድ ግድግዳ መካከል ነፍሱ ሊቆይ ይችላል። የጀርባ መስመር ግን ብቻውን የሚለማመደው የለም። እኔ ያስተማርኋቸው አራቱ ልጆች ተበትነው፣ አንዱ ካንዱ ወሬ ሳይሰማ ሲቀር፣ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ነገር ያለ ሦስቱ ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ተረዳሁ፣ ሙያዬ ብዬ የያዝሁት ኳስ ማስጣል ሳይሆን፣ ሰው ባልንጀራው ከጎኑ እንዳለ ሳያይ እንዲያምን ማድረግ ኖሯል።

ሰላም ከወረደ በኋላ እንደገና ስንሰበሰብ፣ ለአጥቂነት የመጡት ልጆች ባለ ተሰጥኦ ነበሩ፤ ከኋላ ግን ሁሉን ከሀ መጀመር ነበረብኝ። አዲሶቹን አራት ልጆች ብዙ ወራት በገመድ አስሬ ካስኬድኋቸው በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሳልጠራ፣ ኳሱ ወደ ኋላ ሲመለስ አራቱም አብረው ወጡ፤ አጥቂውም ከጨዋታ ውጭ ሆኖ ቆመ። ስለ ሙያዬ ደስታ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ያን ቀን ነው የምነግረው።

በየዓመቱ መጨረሻ ኮከብ ግብ አግቢ ይሸለማል፤ ለግብ ጠባቂም ሽልማት አለ፤ ለአራቱ በአንድነት የሚሰጥ ግን እስካሁን አላየሁም። በከተማችን የታዳጊዎች ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች በመጪው ክረምት ይህን እንዲጀምሩት እለምናለሁ፤ አራት ሜዳሊያ፣ በአንድ ስም ተጠርቶ፣ አራቱም አብረው ወጥተው የሚቀበሉት። ገንዘቡ ካነሰም፣ የኮከብ ግብ አግቢው ዋንጫ ትንሽ ይነስና ለዚህ ይዋል።