ሞቷል ሲባል የሚነሣው ዓሣ

ሎች የተባለውን ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው አለመደንገጥን ነው። ጠዋት ሲነሡ፣ በብርቱካናማ ገላው ላይ ሦስት ጥቁር መቀነት የታጠቀው ክላውን ሎች በጎኑ ተጋድሞ ያገኙታል። አለቀለት ብለው እጅዎን ሲሰዱ እመር ብሎ ይነሣል። ለካ ተኝቶ ኖሯል! ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ቢሰሙም ገንዳው አልተሰነጠቀም፤ ዓሣው ነው። የአየር ግፊት ሲወርድ የሚቅበጠበጥ ዘመድም አለው፤ ብዙዎች የዝናብ ነጋሪ ያደርጉታል። ይኸው ዘመዱ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ቢጎርስም አይገርምም፤ በአንጀቱ ጭምር ይተነፍሳልና።

ሎች በአፍሪካ ብርቅ ነው። እኛ ግን የራሳችን አለን፤ የዓሣ ተመራማሪው ቡሌንጀር በ1902 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ በተገኘ ናሙና ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ዛሬ አፍሮኔማኬይለስ አቢሲኒከስ የሚባለው ትንሽ ዓሣ።

የማደንቀው ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ጠባዩን የሚያነብበውን ዓይን ጭምር ነው። ከብቱን አይቶ ሕመሙን እንደሚለይ እረኛ፣ ጥሩ አሳዳጊ ጨዋታን ከጭንቅ ይለያል። ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጥብ ወጥቶ ከድንጋይ ጋር ሲታከክ፣ ወይም ዓሦቹ ሁሉ ላይ ወጥተው ሲያለከልኩ ያ ጭንቅ ነው። የሎች ቅርፊት ጥቃቅን ስለሆነ መድኃኒት በቀላሉ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ከማንሣትዎ በፊት ወንበር ስበው ጥቂት ይመልከቱት።