በብሪጅ ጨረታ የመቀጠልና የመተው ልክ

ብሪጅ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ጥንድ አጋሮች በ52 ካርታ የሚፋለሙበት ጨዋታ ሲሆን፣ ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ጨረታ ይካሄዳል፤ በጨረታውም እያንዳንዱ ወገን ከ13ቱ ዙሮች ስንቱን ለማሸነፍ እንደሚዋዋልና የትኛው ምልክት ትራምፕ፣ ማለትም የሌሎቹ ሁሉ የበላይ፣ እንዲሆን እንደሚፈልግ ያስታውቃል። የሁለቱ ወገኖች ኃይል ሲመጣጠን ከባዱ ውሳኔ አንድ እርከን ጨምሮ መቀጠል ወይም ለተጋጣሚ መተው ነው፤ ጀማሪው መልሱን በትልልቅ ካርታዎቹ ብዛት ሲፈልግ፣ የበሰለው ግን አስቀድሞ የትራምፑን ርዝመት ይቆጥራል።

የዚህ ቆጠራ መሠረት ፈረንሳዊው ዣን-ሬኔ ቬርን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበውና አሜሪካዊው ላሪ ኮኸን በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ያስተዋወቀው ሕግ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው ትራምፕ ቢጫወቱ የሚያሸንፏቸው ዙሮች ድምር ከሁለቱ ትራምፖች ካርታ ድምር ጋር በግምት እኩል ይሆናል የሚል ነው። ለምሳሌ አንዱ ወገን 9 ስፔድ፣ ሌላው 8 ሃርት ቢኖረው ድምሩ 17 ነው። ተጋጣሚ 9 ዙር የሚጠይቀውን ሦስት ሃርት ሲጠራ፣ ሦስት ስፔድ ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ሃርቱ 9 ዙር ካስገኘ ስፔዱ 8 አስገኝቶ በአንድ ዙር ቢወድቅም፣ የ50 ነጥብ ቅጣት ተጋጣሚ ከሚያገኘው 140 ያንሳል፤ ሃርቱ 8 ብቻ ካስገኘ ደግሞ ስፔዱ ራሱ 140 ያስገኛል። ስፔዱም 8 ከሆነ ግን ድምሩ ወደ 16 ስለሚወርድ፣ ሁለቱም 8 ዙር በሚያገኙበት እጅ የቀጠለው ወገን ሊያገኘው የሚችለውን 50 ነጥብ ትቶ 50 ይከፍላል።

ሕጉ ግምት እንጂ ፍርድ አለመሆኑ አይዘነጋም። በተጋጣሚ ምልክት የተያዙ ንግሥትና ጃክ በመከላከል ጊዜ ዙር ሊያስገኙ ሲችሉ ለራስ ውል እምብዛም ስለማይረዱ፣ ድምሩን ዝቅ አድርጎ ማስላትና መተው ይመረጣል። የቅጣቱ ዋጋም ይለዋወጣል፤ ቅጣቱ በሚከብድበት ተራ፣ ተጋጣሚ ቅጣትን የሚያሳድገውን ደብል ከጠራ፣ በአንድ ዙር መውደቅ 200 ነጥብ ስለሚያስከፍል ከ140ው ይበልጣል። ስለዚህ ውሉ መውደቁን እያወቀ የሚቀጥል ተጫዋች ደፋር የሚባለው በሩቅ ለሚያየው ነው፤ እርሱ የሚያነጻጽረው ሁለት ኪሳራዎችን ነው፣ የሚቀጥለውም የራሱ ውድቀት ከተጋጣሚው ስኬት ሲረክስ ብቻ ነው።