የበዛብህ ትምህርትና የወላጆቹ ስለት

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በአብዛኛው ሲተች የኖረው በፍቅር ታሪክነቱና በባላባታዊው ሥርዓት ላይ በሚሰነዝረው ነቀፋ ነው። እኔ ግን ልቦለዱ የትምህርት ታሪክም ነው ባይ ነኝ።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የተሳሉት እንዲኖርላቸው ብለው ነው። በዛብህ ገና ፊደል ሳይቆጥር ምን እንደሚማር፣ ምን እንደሚሆን፣ ትዳርም እንደማይዝ ተቆርጦለታል። ሐዲስ ዓለማየሁ ወላጆቹን ክፉ አድርገው ቢስሏቸው ኖሮ ነገሩ በቀለለ፣ አንባቢም ፈርዶባቸው ባለፈ ነበር። ደራሲው ግን ፍቅራቸውንና በደላቸውን ከአንድ ምንጭ ቀዱት።

ይበልጥ የሚገርመኝ ትምህርቱ ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ከዓለም እንዲለየው የታሰበው የቤተ ክህነት ዕውቀት በዛብህን ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስገባው፤ ከሰብለ ወንጌልም አገናኘው። መምህሯ ባይሆን ኖሮ የድሃ ልጅ ያንን ደጅ በምን ይረግጣል? ይህን እንደ ተራ አጋጣሚ ማየት የታሪኩን አወቃቀር አለማስተዋል ይመስለኛል፤ ወደ ትምህርት የመራው ስለት በዚያው ትምህርት በኩል ይፈተናልና።

ስለዚህ በዛብህ በሰብለ ፍቅር ሲያዝ የሚታገለው ከፊታውራሪው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእናት ከአባቱ ተስፋም ጋር ነው። ከፊታውራሪው ወደ አዲስ አበባ መኮብለል ይቻላል፤ ስለቱ ግን አብሮት ይሄዳል።