የሚፈተነው ዓይን ነው

ፊልም ለመማር የሚያመለክት ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው በካሜራው ነው። የተሻለ ሌንስ ይዋሳል፣ ድሮን ይከራያል፣ ቀለም የሚያሳምርለት ባለሙያ ያፈላልጋል። እኔ ዘጋቢ ፊልም በማቀናበር የምተዳደር ሰው ነኝ። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ኒውዮርክ ወይም ወደ ፕራግ ሊያመለክቱ የተነሡ ልጆች ሥራቸውን እንዳይላቸው ይመጣሉ። ካሜራ አያያዝና ቅንብር ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ነገር ነው፤ የተቋቋመውም ለዚያ ነው። አመልካቹ ከቤቱ ይዞ መሄድ ያለበት አጠገቡ ያለውን ነገር አተኩሮ የማየት ልማድ ነው። ማመልከቻው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚፈትነው ይህንኑ ልማድ ነው።

የሚያመጡልኝ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። ከእንጦጦ ላይ በድሮን የተነሣች ከተማ፣ በስሎው ሞሽን የሚራመድ ወጣት፣ ከኢንተርኔት የተወሰደ ሆድ የሚያባባ ሙዚቃ፣ በመጨረሻም በትልቁ የተጻፈ የአዘጋጁ ስም። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ከስሙ በቀር ማን እንደሠራው የሚናገር ነገር የለውም። መራጩ መምህር በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ሥራ በላይ በላዩ ያያል። እጁን የሚይዘው ሌላ ሰው ሊሠራው የማይችለው ሥራ ሲደርሰው ነው።

ትምህርት ቤቶቹ የሚያወጡትን ጥያቄ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ይህን ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመሠረተው የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሲኒማ ትምህርት ቤት አመልካቾችን ለዓመታት ሲጠይቅ ከኖራቸው ነገሮች አንዱ ንግግር የሌለበት የአራት ደቂቃ ፊልም ሐሳብ ነው። ታሪኩ በምስል ብቻ መነገር አለበት። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው የቲሽ ትምህርት ቤትም ከክፍል ውጤት ሌላ የፈጠራ ሥራዎች ስብስብ ይፈልጋል፤ ፊልም ያልሠራ ሰው በፎቶግራፍ፣ በሥዕል ወይም በጽሑፍ ራሱን የሚያሳይበት በር አለው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚሻሻል የዘንድሮውን ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ማንበብ ግድ ነው።

ንግግር የሌለበት ፊልም የእኛን ልጆች አጥብቆ ያስቸግራቸዋል፤ ምክንያትም አለው። ፊልማችን ያደገው ከመድረክ ቴአትር፣ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ድራማ ጋር ነው። ገጸ ባሕርይው ሲያዝን ማዘኑን ይናገራል፣ ሲቆጣም መቆጣቱን ይናገራል። ተረትና ቅኔ ያሳደገው ሕዝብ በቃል ቢተማመን አይገርምም፤ ትልቅ ሀብትም ነው። ሆኖም ለአራት ደቂቃ ቃል ሲከለከል ብዙ አመልካች የሚይዘው የሚጨብጠው ይጠፋዋል።

አንዲት አመልካች መጀመሪያ ያመጣችልኝ ሐሳብ ጎዳና ላይ ያደገ ልጅ ሐኪም ሆኖ ሲመለስ የሚያሳይ ነበር። በአራት ደቂቃ ውስጥ የአንድ ሰው ዕድሜ ግማሽ ማለት ነው። እሱን ትተን የሰፈሯን ማለዳ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። “ጋሼ፣ ምንም የለም እኮ፤ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ካልቀሰቀሰን በቀር” አለችኝ። ከሳምንታት ሥራ በኋላ ሐሳቧ እንዲህ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ ነፊው በሰፈሩ ይዞራል፤ ድምፁ በተሰማበት ሁሉ በር ይከፈታል፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ፣ ወንዶች የድንኳኑን ቋሚ ይሸከማሉ። በሌላ ማለዳም እንዲሁ። በሦስተኛው ማለዳ ጥሩንባው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ሰውየው አልጋ አጠገብ ተቀምጧል፣ አልጋው ላይ ያለችው ሚስቱ ናት። ተነሥቶ ጥሩንባውን ያወርዳል፣ ደጁ ላይ ይቆማል፣ አፉ ላይ ያደርገዋል፤ ትንፋሹ እምቢ ይለዋል። የጎረቤት ልጅ ከእጁ ተቀብሎ ይነፋል።

ይህን ለመቅረጽ አንድ ስልክ፣ አንድ ጥሩንባና የጎረቤት ፈቃድ ይበቃል። ዕድር ምን እንደሆነ የማያውቅ የውጭ መምህርም ይገባዋል፤ የሁለቱ ማለዳዎች ተግባር ልማዱን አስተምሮታል፣ በሦስተኛው ላይ የሚጎድለውን ራሱ ያገኘዋል። ድግግሞሽ የሚጠቅመው እንዲህ ነው፤ ተመልካቹን ከሥርዓቱ ጋር ያለማምደዋል፣ ከዚያ ሥርዓቱ ሲሰበር ያመዋል። ልጅቷ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። በየማለዳው ስትሰማው ኖራለች፤ የጎደላት ለፊልም ይበቃል ብሎ የሚነግራት ሰው ብቻ ነበር።

የግል ጽሑፉም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አብዛኛው አመልካች “ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወዳለሁ” ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ የሚያደንቃቸውን ዳይሬክተሮች ይዘረዝራል። ይህን የሚጽፈው ሁሉም ስለሆነ አንዱን ከሌላው አይለይም። እኔ የምመክረው ቢያንስ ለአንድ ወር ማስታወሻ ደብተር መያዝን ነው። በየቀኑ ያዩትን አንድ ነገር፣ “ቆንጆ”፣ “አሳዛኝ”፣ “አስደናቂ” የሚሉ ቃላት ሳይገቡበት መጻፍ። የታክሲ ረዳቱ የተጨማደደ ብር ጭኑ ላይ እንዴት እንደሚያቃና፣ አያት ስልክ ሲያነሡ ለምን ብድግ እንደሚሉ። ወሩ ሲያልቅ የግል ጽሑፉ ከደብተሩ ውስጥ ይወጣል፤ ያ ሰው ምን ላይ ዓይኑ እንደሚያርፍ ገጾቹ ይመሰክራሉ።

ከሁሉ አጥብቄ የማስጠነቅቀው ችግራችንን ለመሸጥ የሚደረገውን ሙከራ ነው። የውጭ አገር አንባቢ ከኢትዮጵያ የሚጠብቀው ረሃብና ጦርነት ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ ያልኖረውን መከራ ይጽፋል፣ ወይም የኖረውን አጋንኖ ያቀርባል። መከራ ካለ በእውነቱ ልክ ይነገር። ለምሳሌ የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ ቺካጎ የሄደው ትወና ሊማር ነበር፤ በኋላ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠና። ተማሪ ሳለ አገር ቤት መጥቶ የቀረጸው ጥቁርና ነጩ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጭሰኛውን ለርኅራኄ አያቀርበውም። የሚያስብ፣ የሚያልም፣ የሚፈርድ ሰው አድርጎ ያሳየዋል። በኢየሩሳሌሙ ሳም ስፒገል የፊልም ትምህርት ቤት የተማረችው ዓለምወርቅ ዳቪድያንም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «የበለስ ዛፍ» በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን አዲስ አበባ የነበረችን ልጅ ስታሳየን የምናየው ፍቅሯንና ግትርነቷን ጭምር ነው። ክብር ያለው እይታ ማለት ይህ ነው፤ መራጮችም ከሩቁ ይለዩታል።

የናሙና ፊልሙን በተመለከተ ጥቂት የሙያ ነገሮች ልናገር። መጥፎ ድምፅ ከመጥፎ ምስል ይበልጥ ይጎዳል። ደብዛዛ ምስል የታለፈለት ብዙ ሥራ አለ፤ የማይሰማ ንግግር ግን ተመልካቹን ያባርራል። ሌላ ስልክ ለተናጋሪው አቅርባችሁ ለብቻው ድምፅ ቅረጹ፤ የጄኔሬተርና የመኪና ጩኸት ሳይጀምር በማለዳ ሥሩ። አማርኛውን አትቀይሩት፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፉ ግን በሌላ ሰው ይታረም። ፈቃድ የሌለው ሙዚቃ አውጡ፤ ሲወጣ ፊልሙ ባዶ ከሆነ ችግሩ ፊልሙ ላይ ነበር ማለት ነው። ከተፈቀደው ደቂቃ አታሳልፉ። በጋራ የሠራችሁት ከሆነ ድርሻችሁን በእውነት ጻፉ። ገንዘብ ተቀብሎ ጽሑፍ ከሚጽፍ ደላላም ራቁ፤ የእሱ ቃል የእናንተን ዓይን ይሸፍነዋል።

የድጋፍ ደብዳቤ ከታዋቂ ተዋናይ ከመለመን በቅርብ ከሚያውቃችሁ መምህር መውሰድ ይሻላል። የክፍል ውጤትም ችላ አይባልም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የምትገቡት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ሒሳቡም ታሪኩም ይታያል። የአሜሪካኖቹ ማመልከቻ የሚዘጋው በአብዛኛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ በመስከረም የጀመረ ሰው ዘግይቷል።

ገንዘቡን ቤተሰብ አስቀድሞ በግልጽ ይነጋገርበት። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በሌላ በኩል ሃርቫርድና ዬል የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ለመግቢያ መመዘኛ አያደርጉም፤ ለተቀበሉት ተማሪም የተረጋገጠ ችግሩን ይሸፍናሉ። ሁለቱም በመጀመሪያ ዲግሪ ፊልም የሚጠናባቸው ናቸው፤ በራቸው ግን እጅግ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የፕራጉ ፋሙ የመንግሥት ትምህርት ቤት በመሆኑ በቼክ ቋንቋ ለሚማር ሰው የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ዋጋው ቋንቋውን መቻል ነው። እዚህ አገር ቤትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤት አለ። ቴአትር ተምሮ ተዋናይን መምራት የቻለ ሰው ለፊልም ትልቅ ስንቅ ይዟል።

አለመቀበልም አለ። ፖላንዳዊውን ዳይሬክተር ክሺሽቶፍ ኪሽሎቭስኪን የዉች ከተማ የፊልም ትምህርት ቤት የተቀበለው ሁለት ጊዜ ከመለሰው በኋላ በሦስተኛው ነበር። ስቲቨን ስፒልበርግን የሳውዘርን ካሊፎርኒያው ትምህርት ቤት አልተቀበለውም። ይህን የምጠቅሰው ሁሉም የተመለሰ ሰው ታላቅ ይሆናል ለማለት አይደለም። መራጮች ጥቂት ወንበርና ብዙ አመልካች ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ይሳሳታሉ። ስለ ሥራችሁ የሚሰጡት ፍርድ የመጨረሻ ቃል መሆን የለበትም። ደብተሩን በእውነት የሞላ ልጅ ተቀባይነት ቢያጣ እንኳ የሚቀረጽ ፊልም በእጁ አለው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ፊልም ልማር ሲላችሁ ውድ ካሜራ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ጊዜና መተማመን ስጡት። መምህራን፣ የሚጽፈውን አንብቡለት። እናንተ አመልካቾች ደግሞ ዛሬ ደብተር ግዙ፣ ነገ ማለዳ ከቤታችሁ ውጡና ያያችሁትን ጻፉ። የማመልከቻው ቀን ሲደርስ የምትልኩት ነገር ይኖራችኋል።