ምክንያትና ማመካኛ፤ ስለ ባሌ ዓመፅ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት

ከዲንሾ ደጋ ተነሥቶ ሳነቴንና የሐረናን ደን ወደ ደቡብ የተሻገረ መንገደኛ ወደ ደሎ ቆላ ይወርዳል። ዋቆ ጉቱ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ላይ የሸፈተው በዚያ አገር ነው፤ ዓመፁም በ1955 ዓ.ም. በኤል ከሬ ግብር አንከፍልም ከማለት ተነሥቶ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። ስለዚሁ ነገር በእንግሊዝኛ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ ይጠቅማል፤ አንዱን ገብሩ ታረቀ በ1991፣ ሁለተኛውን ቴርየ ኦስተቦ በ2020 በፈረንጆች አቆጣጠር አሳትመዋቸዋል።

ገብሩ ታረቀ ግፉን ከሥሩ ያሳያሉ። መሬት በቃላድ ተለካ፤ ግብር ተጫነ፤ መክፈል ያቃተው ባላገር ርስቱ የመንግሥት ተባለና ለሌላ ተሰጠ። ይህን ያነበበ ሰው ሕዝቡ ስለ ምን እንደ ሸፈተ አይጠይቅም፤ እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደ ታገሠ ይደነቃል እንጂ። በደቡብ አገሮች ከተያዘው መሬት ለቤተ ክርስቲያንም ድርሻ ተሰጥቶ ነበርና ካህናት ይህን ክፍል ሳይዘሉ ሊያነቡት ይገባል።

ኦስተቦ ግን በመሬት ነገር ብቻ አይረኩም። የዘመኑን ሰዎች ቃል ከአፋቸው ሰምተው፣ ጠቡ በሃይማኖትና በወገን፣ ይኸውም እስላምና አማራ በሚል ስም እንደ ተያዘ ይናገራሉ። የሸፋቾቹን ልብ በመመርመር ከፊተኛው ይበልጣሉ። ነገር ግን ምክንያቱ ሲሰፋ ባለ ዕዳውም ይበዛል፤ ነገሩ የቃላድ ብቻ ቢሆን ተጠያቂው ያስለካው ሹም ነበር፤ የወገን ከሆነ ግን ከቃላዱ ምንም ያላተረፈ ድሃ ሰፋሪ ከነልጆቹ በጠላት ይቆጠራል። ይህ የደራሲው ጥፋት አይደለም፤ ምክንያትን እንደ ማመካኛ የሚወስድ አንባቢ ጥፋት ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸውና ስሕተቱ አያስደንቅም፤ ምክንያት ድርጊቱ ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ማመካኛ ግን አድራጊውን ከዕዳ ነጻ ሊያወጣ ይሻል።

በመጽሐፈ ነገሥት ያለው የሮብዓም ታሪክ ይህን ለይቶ ያሳያል። ንጉሡ ቀንበሩን አከብዳለሁ ብሎ ተናገረ፤ ነገዶቹ ከዱት፤ የግብር አዛዡን አዶራምንም ወግረው ገደሉት። ጸሐፊው የንጉሡን ክፉ መልስ አይሸሽግም፤ ወጋሪዎቹን ግን በአንድ ቃል እንኳ አያመሰግንም። ሮብዓም ለበቀል ሠራዊት ባሰለፈ ጊዜም ነቢዩ ሸማያ ወንድሞቻቸውን እንዳይወጉ ከልክሎ መለሳቸው። በባሌ ግን ሠራዊቱ አልተመለሰም፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። መንግሥትም የራሱ ማመካኛ ነበረው፤ እርሱም ከሶማልያ የሚመጣው መሣሪያ ነው።

በ1962 ዓ.ም. ዋቆ እጁን ሰጥቶ ምሕረት አገኘ። የመሬቱ ሥርዓት ግን የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ እስኪወጣ ድረስ እንደ ነበረ ቆየ።