አብጦ ነው ወይስ ወጥቶ?

የታይሮይድ የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ሲቲ ስካን ሲቀርብልኝ፣ እንደ ማንኛውም ራዲዮሎጂስት መጀመሪያ የማየው ጡንቻዎቹን ነው። ከሥርና ከአፍንጫ በኩል ያሉት ቀድመው ይወፍራሉ፤ መሃላቸው ያብጥና ጅማታቸው ቀጭን እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ የዓይን ኳሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጣ ይለካል፣ የዓይን ነርቩ መጨነቅ አለመጨነቁ ይታያል፣ ሪፖርቱ ይፈረማል። የእንባ ዕጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር እንኳ አይደርሰውም። ይህ ቅር ይለኛል።

ዕጢው ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ በጆሮ ግንድ በኩል፣ ግንባር አጥንት ውስጥ ባለች ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል። መጠኑ ከባቄላ ፍሬ ብዙም አይርቅም፤ በአግድም ስላይስ ላይ ርዝመቱ 15 ሚሊሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 5 ገደማ ነው። በዚህ ሕመም ዕጢውም እንደ ጡንቻውና እንደ ስቡ ሊቆጣና ሊያድግ ይችላል።

ከእነዋሪ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ስልሳን የተሻገሩ። ከማተባቸው ጋር ወረንጦ አንጠልጥለዋል። ትራኮማ በኖረበት አገር ዓይን ሲያለቅስ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ትክክል ነው፤ ጭሱና የአገራቸው የጅሩ አውድማ አቧራም አለ። የዓይን ሐኪሙ ግን የፈጠጠውን ዓይንና የአንገታቸውን እንቅርት አይቶ ነበር የላካቸው። ወረንጦውን አውልቀው ለልጃቸው ሲሰጡ፣ «ልጄ፣ ዓይኔ እንባው አልቆም ብሎኛል፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ደረቅ ነው ይሉኛል» አሉኝ።

«ሁለቱም እውነት ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። ዓይን ሲፈጥጥ ቆቡ በደንብ አይከደንም፣ ፊቱ ይደርቃል፣ ይቆረቁራል፤ መቆርቆሩ ደግሞ እንባ ያጎርፋል። ጨው ይሆን ያመጣብኝ ብለውም ጠየቁ። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የአዮዲን እጥረት እንቅርት ስለሚያመጣ። ዓይን የሚያስፈጥጠው ግን የሰውነት መከላከያ በራሱ ላይ ሲነሳ ነው።

የተላኩበት ወረቀት «በኮንትራስት» ይላል። እኔ ሰረዝኩት። መርፌው አዮዲን የተሸከመ ነው፤ ታይሮይዱ ከልክ በላይ ለሚሠራ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አይሰጥም። ደግሞም አያስፈልግም፦ በዓይን ዙሪያ ያለው ስብ በሲቲ ላይ ጠቁሮ ስለሚታይ፣ ዕጢውም ጡንቻውም ያለ መድኃኒት ጎልተው ይወጣሉ።

ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። ስላይሱ 1 ሚሊሜትር ይሁን፤ በ3 ከተነሳ ትንሽ ዕጢ በጥቂት ስላይስ ያልቅና ጠርዙ ከስቡ ጋር ይደበዝዛል። ምስሉን አስተካክዬ ግራና ቀኙን አንድ ደረጃ ላይ አመጣለሁ፤ ታካሚው ጭንቅላቱን ጥቂት ካዘነበለ አንዱ ዕጢ ከሌላው የበለጠ ይመስላል። ዊንዶውን፣ ማለትም የምስሉን የጥቁርና የነጭ ቅንብር፣ አልነካካም፤ ጠርዙን ማስፋትና ማጥበብ የሚችለው እሱ ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ስላይስ የዕጢውን ዙሪያ በማውስ እከባለሁ፣ ስፋቶቹን ደምሬ በስላይሱ ውፍረት አባዛለሁ፤ የሚገኘው የዕጢው ይዘት ነው። አሰልቺ ነው፤ በተለይ ዕጢው ከጎን ጡንቻው ጋር በሚነካካበት ቦታ።

ርዝመት ብቻ ለምን አይበቃም? የዓይን ጓዳ በስብና በጡንቻ ሲጨናነቅ ዕጢው ከቦታው ተገፍቶ ወደ ፊት ይወጣል። ከውጭ ያየ ሰው ቆቡ ጥግ ላይ እብጠት ያያል፤ በምስል ላይም የተጨፈለቀ ዕጢ ረዝሞ ይታያል። ረዘመ ማለት አደገ ማለት አይደለም። ይዘቱ ካልጨመረ ዕጢው ወጥቷል እንጂ አላበጠም። ስለዚህ ቦታውንና ይዘቱን ለየብቻ እጽፋለሁ። ቀዶ ሕክምና ቢታሰብ፣ ከቦታው የወጣን ዕጢ ትርፍ ሥጋ መስሎት የሚቆርጥ ሰው እንባ የሚያመነጨውን አካል ይቆርጣል።

በእኚህ እናት ሁለቱም ነበሩ፦ ወጥቷልም፣ አብጧልም። «መካከለኛ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ልኩ ከጤነኛ ዕጢ ልኬት ሠንጠረዥ አማካይ እምብዛም አልራቀም። ነገር ግን ዕጢው በዕድሜ፣ በሴቶች ላይ በተለይ፣ እየሟሸሸ ይሄዳል። ለሠላሳ ዓመት ሴት መካከለኛ የሆነው ለሳቸው ትልቅ ነው። ሠንጠረዡን የሠራው ሰው የለካው ደግሞ የጅሩን ገበሬ አይደለም።

ግራና ቀኙ ተቀራራቢ መሆናቸው ጠቅሞኛል። አንዱ ብቻ አብጦ ጡንቻዎቹ ደህና ቢሆኑ ኖሮ ታይሮይድን ትቼ ሊምፎማን፣ ከዕጢው የሚነሳ ሌላ እባጭን፣ በአገራችን ደግሞ ሳንባ ነቀርሳንም ማሰብ ነበረብኝ።

ሪፖርቱ ላይ ከግራና ከቀኝ ይዘት ቀጥሎ የስላይሱን ውፍረት፣ የዊንዶውን ቁጥርና ያለ ኮንትራስት መነሳቱን ጻፍኩ። ከሕክምናው በኋላ ሌላ ማሽን ላይ ቢነሱ፣ የዚያ ቤት ሐኪም ዕጢው ቀነሰ ከማለቱ በፊት የሚያመሳስለው ነገር ይኑረው።